ለመሥሪያ ቤት የጥያቄና መልስ ጨዋታ አቅራቢ እንቅጠር ወይስ ከመካከላችን እናውጣ? (ጎንደር)

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምሠራው እዚሁ ጎንደር ነው። በመሥሪያ ቤታችን ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞች ድረስ ወደ ስድሳ እንሆናለን። የግማሽ ቀን ቲም ቢልዲንግ ይኑረን ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም ገባሁበት። ዋናው ፕሮግራም በቴሌቪዥን እንደምናየው ያለ የጥያቄና መልስ ጨዋታ እንዲሆን ተስማምተናል። ቡድን፣ ደወል፣ ነጥብ፣ ሽልማት፣ ጭብጨባ ያለው።

ያልተስማማነው በአቅራቢው ላይ ነው። ግማሹ ኮሚቴ ልምድ ያለው መድረክ መሪ ከአዲስ አበባ ይምጣ ይላል። ግማሹ ደግሞ ከመካከላችን ጨዋታ አዋቂ አይጠፋም ባይ ነው። እኔ ግን ከዚህ የሚቀድም ጉዳይ አለ እላለሁ። እንዲህ ያለ ዝግጅት የሚበላሸው በማይክ ብልሽት ወይም በሽልማት ማነስ አይደለም። የሚበላሸው ሰው ባልደረቦቹ ፊት ሲያፍር ነው። ጥያቄው ዲግሪ ላለው ብቻ ከተዘጋጀ ጥበቃው ዝም ብሎ ተቀምጦ ይውላል። አቅራቢው በሰው ስህተት የሚያስቅ ከሆነ ደግሞ ያ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ማን ያቅርበው? ማንም የማያፍርበት ጨዋታስ እንዴት ይዘጋጃል?

መልሱ ብዙ ሆነ። ኋላ የሚመጣ ሰው እንዳይቸገር የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። መሃል ላይ የራሴንም ሐሳብ ጣል አድርጌያለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ የምታከራይ እህት ነች። ሰላምታዋና ምርቃቷ ረጅም ነበር፤ እግዜር ይስጣት። በሷ አስተያየት ከውጭ የመጣ አቅራቢ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። አለቃም ምንዝርም ለሱ እኩል ነው። የሥራ አስኪያጁን መልስ ስህተት ነው ለማለት አይፈራም። የውስጥ ሰው ግን ነገ ቢሮ ይገባል። በሌላ በኩል የውጭው ሰው ስም አያውቅም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈም አያውቅም። ሳያስበው የሰው ቁስል ይነካል። ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት ትላለች። መድረኩን የውጭው ሰው ይያዝ፤ አጠገቡ ደግሞ ነጥብ የሚይዝና ስም የሚያቀብል የውስጥ ሰው ይቀመጥ።

ስለ ቀኑም መክራናለች። በጥምቀት ሰሞን፣ በተለይ ከጥር 10 እስከ 12 ድረስ፣ ጎንደር ውስጥ አልጋም አዳራሽም ማግኘት ከባድ ነው። እንግዳው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት ብላለች።

መልስ 2

ይሄኛው ራሱ መድረክ መሪ ነው። ሠርግ፣ ምርቃትና የድርጅት ዝግጅት ይመራል። ነዋሪነቱ እዚሁ ጎንደር ሲሆን በመነሻው ጽሑፍ ትንሽ ከፍቶታል። አቅራቢ ሲባል ለምን ሁልጊዜ ዓይናችን አዲስ አበባ ላይ እንደሚያርፍ ጠየቀ። ትኬቱ፣ አልጋውና አበሉ ሲደመር የሽልማቱን ገንዘብ እንደሚበላው አስረዳን። ቅሬታው ተገቢ ነው።

ከቅሬታው ቀጥሎ የጻፈውን ግን ከሁሉም በላይ ወድጄዋለሁ። እንደሱ አባባል አፉ የጣፈጠ ሁሉ ጥያቄና መልስ አይመራም። ሠርግ ላይ የመድረክ መሪው ሥራ መናገር ነው። እዚህ ግን ግማሹ ሥራ ዝም ማለት ነው። አቅራቢው ጥያቄውን ለሁሉም ቡድን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ያነባል። መልሱ ከፊቱ ላይ እንዳይታወቅበት ይጠነቀቃል። የተሰጠው ሰዓት ሲያልቅ ወዳጁንም የማያውቀውንም እኩል ያቋርጣል። መልስ ሲሳሳት በአንድ ቃል ተናግሮ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ እዚያው ቆሞ አይቀልድም። መቀለድ ካማረው በራሱ ይቀልድ እንጂ በመላሹ አይቀልድ።

ሌላም ጨመረ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ከዝግጅቱ በፊት ጮክ ተብለው መነበብ አለባቸው። ወረቀት ላይ ያማረ ጥያቄ አዳራሽ ውስጥ ላይሰማ ይችላል። ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ የሆነ ጥያቄ መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያው ይረሳል። ውሉ ላይም ቀብዱ፣ የሚቆይበት ሰዓትና ሳውንድ ሲስተሙን ማን እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ይስፈር ብሏል። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

መልስ 3

ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከሳቸው በኋላ የመጡት ሁሉ ጋሼ እያሉ ስላነጋገሯቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ቴሌቪዥን ሳይመጣ እኛ የራሳችን ጨዋታ ነበረን ይላሉ። እንቆቅልህ ሲባል ምን አውቅልህ ይባላል። ያልመለሰ አገር ይሰጣል። ጠያቂው በተሰጠው አገር ላይ እየተንጎራደደ ቤት በሚመታ ቃል ተሸናፊውን ይቀልድበታል፤ ከዚያ መልሱን ይነግረዋል። ጠያቂ፣ መላሽ፣ ቅጣት፣ ተመልካች፣ ሁሉም አለ። ታዲያ አንዱ ዙር ይህ ቢሆን ምን ይጎድላል?

ነጥባቸው ከመነሻው ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በእንቆቅልሽ ዲግሪ አይረዳም። ገጠር ያደገው ጥበቃ የሂሳብ ክፍሉን ሊረታ ይችላል። ያ ሲሆን አዳራሹ እንዴት እንደሚነቃ በተማሪዎቻቸው ወላጆች ስብሰባ ላይ አይተውታል።

አለቃን ስለ መፍራት ለተነሣውም በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለውን አነሱ። በገና ሜዳ ላይ ባላባቱም ገበሬውም በአንድ ሩር ሲራወጡ ባላባቱ ቢሰደብ አይቆጣም ነበር። የመሥሪያ ቤት ጨዋታም እንደዚያ መሆን አለበት ባይ ናቸው።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ጋሼን በአክብሮት ጀምራ በብርቱ ቃል ጨረሰች። የገና ሜዳ ነፃነት ሜዳው ላይ ይቀራል አለች። የኛ አለቃ ግን ሰኞ ጠዋት የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ይዞ ይመጣል። ቀድሞ በሠራችበት ቦታ አንድ ባልደረባ በጨዋታ መሃል የአለቃውን አነጋገር አስመሰለ። ሁሉም ሳቀ። አለቃውም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ያ ልጅ የመስክ ሥራ ሲመደብ ስሙ ይዘለል ጀመር። አበሉም አብሮ ቀረ። እንቆቅልሹን እንደምትወደው፣ የመቀለጃውን ክፍል ግን በመሥሪያ ቤት እንደማታምነው ጻፈች።

መልስ 5

ጋሼ በአጭሩ ተመለሱ። ልጄ ልክ ነሽ ብለው ተቀበሏት። ስድቡ ይቅር፤ እንቆቅልሹ ይቆይ። አገር የሚሰጠው ቡድን ያንን አገር በአንድ ጥሩ ነገር እንዲያመሰግን ይደረግ አሉ። እኔ ይህን ማሻሻያ በጣም ወድጄዋለሁ። ሁለቱም ሳይካረሩ ተገናኙ።

መልስ 6

አንድ አስጎብኚ ያየውን አካፈለን። የማን ዝግጅት እንደነበረ አልጠቀሰም፤ ባይጠቅስም ጥሩ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ጎንደር መቼ ተቆረቆረች የሚል ነበር። አንዱ ቡድን 1628 አለ። ሌላው 1636 አለ። አቅራቢው የያዘው ካርድ ላይ 1636 ስለተጻፈ ዋንጫው ለሁለተኛው ቡድን ተሰጠ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም ቡድኖች ትክክል ነበሩ። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ይህም በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1636 ነው። ካርዱን ያዘጋጀው ሰው ከኢንተርኔት ገልብጦ ኖሮ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አልጻፈም። እራቱ በኩርፊያ ተበላ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዓመተ ምሕረት ያለበት ጥያቄ ሁሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካርዱ ላይም ይጻፍ፣ ሲነበብም ይነገር።

መልስ 7

ይህ መላሽ ቁጥር 6ን ደግፎ ጠለቅ አድርጎታል። ስምንት ዓመት መቀነስ ብቻ አይበቃም ይላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልዩነቱ ሰባት ነው። ፋሲል ግቢ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በፈረንጆቹ ጥቅምት 1979 ነው። ስምንት የቀነሰ 1971 ይላል። ትክክለኛው ግን 1972 ዓ.ም. ነው።

ሌሎች ወጥመዶችም አሳየን። የራስ ዳሽንን ከፍታ አትጠይቁ። አንዱ መጽሐፍ 4,620 ሜትር ይላል፣ ሌላው 4,550፣ ሌላው 4,533። ፋሲል ግቢን ማን ሠራው ብላችሁም አትጠይቁ። ግቢው ውስጥ ከፋሲለደስ በተጨማሪ የቀዳማዊ ዮሐንስ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የምንትዋብ ሕንፃዎች አሉ። ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው አድርጉት። በቁስቋም ቤተ መንግሥት ያሠራችው ንግሥት ማን ናት ብትሉ ምንትዋብ ከሚለው ሌላ የሚመጣ የለም። ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በየትኛው ዓመተ ምሕረት አነሣ ብትሉም 2013 የሚለው አያከራክርም። የእግር ኳስ ጥያቄ ግን አይብዛ። ኳስ የማያይ ሰው መሃል ላይ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

መልስ 8፣ 9 እና 10

ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ ከጉዳዩ ወጣ። አንዱ የጎንደርን አርባ አራት ታቦት መዘርዘር ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ዝርዝሩን ጀመረ። ሦስተኛው ከዝርዝሩ ሁለቱን አወጣና በሌላ ተካ። ከከተማው ውጭ ያሉት ይቆጠራሉ አይቆጠሩም የሚለው ላይ ቃሉ ከረረ። አንዱ ሌላውን የጎንደር ልጅ አይደለህም እስከማለት ደረሰ። አወያዩ አንድ ጽሑፍ አነሣ።

ጋሼ ገብተው አበረዱት። ዝርዝሩ እንደ ቆጣሪው ይለያያል፣ የቆየም ክርክር ነው አሉ። ሽማግሌዎችን የሚከፍል ጥያቄ ለጨዋታ አይሆንም። እኔ ክርክሩ በመነሣቱ አልከፋኝም። መጻፊያ ላይ ተቀምጠን እንዲህ ከጋልን፣ ዋንጫ ፊታችን ተቀምጦ ምን እንደምንሆን አሳይቶናል።

መልስ 11

የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ የሆነች ሴት ወደ ቁም ነገሩ መለሰችን። በአሜሪካ በ1976 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የሁለት ቤተሰቦች ውድድር አነሳች። ተመሳሳዩን በአገራችን ቴሌቪዥንም ያየ ብዙ ነው። እዚያ ላይ የሚጠየቀው ትክክለኛው መልስ ምንድን ነው አይደለም። ቀድሞ ለመቶ ሰዎች ጥያቄ ይቀርባል። ተወዳዳሪዎቹ ብዙ ሰው የሰጠውን መልስ ይገምታሉ። በየወገኑ አምስት አምስት ሰው ይቆማል። ሦስቴ የሳተ ቡድን ዕድሉ ወደ ሌላው ይሻገርበታል።

ይህ ዓይነት ጨዋታ ለመሥሪያ ቤት የተፈጠረ ይመስላል። ሰው አርፍዶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያቀርበው ምክንያት ምንድን ነው? ደመወዝ የወጣ ዕለት ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ምንድን ነው? ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተማረና ያልተማረ የለም። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ የማርፈድ ምክንያቶችን ከማንም በላይ ሰምቷል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ምክንያቱ የሚነገረው ሰው ነው። ሁለቱም አንድ ቡድን ውስጥ ቢሆኑ አስቡት። እኔ ለኮሚቴው ይዤ የምሄደው ዋናው ሐሳብ ይህ ነው።

መልስ 12

አንድ የስታትስቲክስ መምህር ቁጥር 11ን አረመ፤ በጨዋነት ነው። ስድሳ ሠራተኛ ብቻ ካላችሁ መቶ ሰው ከየት ታመጣላችሁ? ደግሞም መጠይቁን ሞልቶ ያስረከበ ሰው ራሱ ተወዳዳሪ ሲሆን ጥያቄውን ቀድሞ አውቆታል። ስለዚህ መጠይቁን ለሌላ ቅርንጫፍ ሠራተኞች ወይም ለደንበኞች አድርጉት። ስም አይጻፍበት። መቶ ካልሞላ ሃምሳም ይበቃል፣ ነጥቡን በሃምሳው ልክ መስጠት ነው። መልሶቹን ስታሰባስቡ ደግሞ ታክሲ አጣሁ እና መኪና ጠፋ የሚሉትን አንድ አድርጎ መቁጠሩን ከመድረኩ በፊት ወስኑ። መድረክ ላይ ከተወሰነ ዳኛው አድልቷል ይባላል።

መልስ 13

ማራኪ ካምፓስ የሚማር ልጅ ስለ ካሁት ጻፈ። ካሁት በ2013 እ.ኤ.አ. ከኖርዌይ የወጣ የስልክ ጨዋታ ነው። ጥያቄው ትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣል። ሰዉ በስልኩ ከአራቱ ባለቀለም ምልክቶች አንዱን ይነካል። ፈጥኖ በትክክል የመለሰ እስከ 1,000 ነጥብ ያገኛል። ነጥቡን ራሱ ስለሚደምር የዳኛ ጭቅጭቅ የለም። ወረቀትና ደወል የምትሉት ያለፈበት ነው ብሎ ጨረሰ።

መልስ 14

ያለፈበት ነው ያለው ቃል ዋጋ አስከፈለው። ቁጥር 4 የጻፈችው የሂሳብ ሠራተኛ ተመልሳ መጣች። የጽዳት ሠራተኞቹ የያዙት ስልክ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ብላ ጠየቀችው። ኔት ሲቆራረጥ ማን ቀድሞ ነካ የሚለውን ማን ይዳኛል? ፍጥነት ነጥብ ካለው ደግሞ ጥያቄውን አንብቦ ለመረዳት ጊዜ የሚወስድበት ሰው ከመጀመሪያው ተሸንፏል። ጠንካራ ነበረች፤ ነገር ግን አልተሳሳተችም። ልጁ መጀመሪያ ተከላከለ። ቀጥሎ ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ማድረግ እንደሚቻልና ጥያቄውም ጮክ ተብሎ ሊነበብ እንደሚችል ጨመረ። በዚህ መልኩ አንድ አጭር ዙር ቢሆን አልጠላም። ኔት ከሌለ የሚተካው የወረቀት ዙር ግን ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት።

መልስ 15

አዘዞ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ያለው ሰው ስለ ደወሉ በዝርዝር ጻፈ። እጅ ማውጣት ሁልጊዜ ጠብ ያመጣል፤ ማን እንደቀደመ ከፊት የተቀመጠና ከጎን የተቀመጠ ሰው አንድ አያዩም። በቴሌቪዥን የምናየው ደወል ሥራው መጮህ ብቻ አይደለም። አንዱ ሲጫን የሌሎቹን መስመር ይቆልፋል። ይህን በሪሌ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መሥራት ይቻላል። የአንዱ ቡድን ሪሌ ሲይዝ ለሌሎቹ የሚሄደውን ኃይል ያቋርጣል። በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ጨዋታው አይቆምም። አርዱይኖ የተባለውን በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚያውቅ ተማሪ ካለም በትንሽ ወጪ ያወጣዋል። አቅም ካልፈቀደ ድምፃቸው የተለያየ የበር ደወሎች ገዝቶ ለየቡድኑ መስጠት ነው።

ቁም ነገሩ ግን ሕጉ ነው ይላል። ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ መጫን ይፈቀዳል ወይ? ጄፓርዲ የተባለው የአሜሪካ ጨዋታ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቅራቢው አንብቦ ሳይጨርስ ቁልፉ እንዳይሠራ አድርጓል። ቀድሞ የተጫነ ሰው ለሩብ ሰከንድ ይታገድበታል። ለእኛ ሩብ ሰከንድ ለመለካት ስለማይመች፣ ቀድሞ የተጫነ ቡድን የዚያን ጥያቄ ዕድል ይጣ። ይህም ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ለሁሉም ይነገር።

ስለ ድምፅም ጥቂት አለ። ስፒከሩ ከማይኩ ኋላ ሳይሆን ፊት ለፊት ወደ ሕዝቡ ይዙር፤ አለዚያ ይጮሃል። ለገመድ አልባው ማይክ ትርፍ ባትሪ ይያዝ። ሆቴሉ ጄኔሬተር አለኝ ቢልም ነዳጅ መኖሩን በዕለቱ ጠዋት ጠይቁ።

መልስ 16 እና 17

አንድ ሰው የአለቃውን ነገር በሌላ መንገድ ለመፍታት ሞከረ። ሥራ አስኪያጁ እንዳያፍሩ ጥያቄዎቹን ቀደም ብሎ ማሳየት ምንም ክፋት የለውም አለ። ክብራቸው ይጠበቃል፣ ሰዉም ደስ ይለዋል።

ቁጥር 17 በዚህ ተቆጣ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሆነውን አስታወሰን። ሃያ አንድ በተባለ የቴሌቪዥን ውድድር ቻርልስ ቫን ዶረን የተባለ መምህር ሳምንት በሳምንት እያሸነፈ የአገር ኩራት ሆነ። ኋላ ግን መልሶቹ ቀድመው እንደሚሰጡት ታወቀ። በ1959 እ.ኤ.አ. በኮንግረስ ፊት ቀርቦ አመነ። በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሚሊዮኖች ያዘኑት በገንዘቡ ሳይሆን በመታለላቸው ነው። ስድሳ ሰው የሚሠራበት ቤት ውስጥ ምስጢር እስከ መቼ ይቆያል? አለቃው ቢሳሳቱ ለአንድ ደቂቃ ነው። የተሰጣቸው መልስ ቢታወቅ ግን ለዓመታት ይወራል።

ቃሉ መረር ያለ ቢሆንም ከጎኑ ነኝ። አለቃው እንደማንኛውም የቡድን አባል ይቀመጡ። ለቡድኑ የሚናገረው ግን ሌላ ሰው ይሁን። መልሱ የቡድኑ ነው፤ ስህተቱም የቡድኑ ነው። ለሁሉም ቡድን ይህ ከሆነ የሚያፍር ሰው አይኖርም። ያልተማረውም፣ ዓይን አፋሩም፣ አለቃውም በአንድ ሕግ ይጠበቃሉ።

መልስ 18፣ 19 እና 20

የሽልማት አሰጣጥ ሲነሣ ሌላ ክርክር ተቀሰቀሰ። አንዱ ሦስት ሳጥን አድርጉ አለ። ሽልማቱ በአንዱ ውስጥ ነው። አሸናፊው አንዱን ይመርጣል። አቅራቢው ከቀሩት ባዶውን ይከፍትና ትቀይራለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቢቀይር ይሻለዋል ብሎም ጨመረ። ቁጥር 19 ሳቀበት፤ ሁለት ሳጥን ከቀረ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል አለ። የስታትስቲክስ መምህሩ ተመልሶ ሕፃኑም ሆነ ቁጥር 19 እንደተሳሳቱ አስረዳ። መጀመሪያ የመረጠው ሳጥን ሽልማቱን የመያዝ ዕድሉ ከሦስት አንድ ነበር። ባዶ ሳጥን መከፈቱ ያንን አይለውጠውም። ስለዚህ የቀረው ሳጥን ከሦስት ሁለት ዕድል ይይዛል። ይህ የሚሆነው ግን አቅራቢው ሽልማቱ የት እንዳለ ካወቀና ሁልጊዜ ባዶውን ብቻ ከከፈተ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ይህ በመጽሔት ሲወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ አንባቢዎች፣ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸውም ጭምር፣ ስህተት ነው ብለው ጽፈው ነበር። ያላመነ በሦስት ሲኒና በአንድ የቡና ፍሬ ቤቱ ይሞክረው ብሎ ዘጋ። ቁጥር 19 ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 21

አንዱ በዙሮቹ መሃል አዝማሪ ይግባ አለ። ጎንደር ተቀምጠን ዲጄ ብቻ ማስጮህ አይደለም ባይ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ተቀበል እያለ የየቡድኑን ነጥብ በግጥም ቢያወርደው አዳራሹ ይሞቃል። የሆቴሏ እህት በሐሳቡ ተስማምታ አንድ ነገር አሳሰበች። አዝማሪ የሸለመውን ያሞግሳል፤ ሙያው ነው። ስለዚህ ክፍያው ቀድሞ ከኮሚቴው ይሰጠው፤ ጨዋታው ሳያልቅ ማንም እንዳይሸልመው ይነገር። አለዚያ ኪሱ ያበጠው ቡድን ሳያሸንፍ ያሸነፈ ይመስላል። እዚህ ላይ የአቅራቢውም ጉዳይ ለእኔ ለየ። መድረኩን የጎንደሩ መድረክ መሪ፣ ነጥቡንና ስሙን የኛ ሰው ይያዝ ብዬ ለኮሚቴው አቀርባለሁ።

መልስ 22

አንዲት ነርስ ለአካል እንቅስቃሴ ጨዋታዎች ማሳሰቢያ ጻፈች። ወንበር መሻማት፣ ገመድ መጎተት፣ ፊኛ በሁለት ሰው መሃል ይዞ መሮጥ ለሁሉም አይመችም። ነፍሰ ጡር አለች፣ ወገቡን የሚያመው አለ፣ ከሌላ ጾታ ጋር መነካካት የማይፈልግም አለ። ማንም ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ ነጥብ ቆጣሪ ሆኖ መቀመጥ እንዲችል አድርጉ አለች። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ የመብላት ውድድር አይታሰብ። ኬክ ለሽልማት ቢቀርብም የጾም መሆኑ ይረጋገጥ። ሙስሊም ባልደረቦች ለምሳውም ለሥጋውም ቀድመው ይጠየቁ። አጭር መልስ ነበር፤ ማንም አልተከራከራትም።

መልስ 23

የመጨረሻው እስካሁን የመጣው መልስ የመድረክ መሪው ነው። እኩል ነጥብ ቢመጣስ ብሎ ጠየቀ። ብዙ አዘጋጅ ይህን ይረሳና መድረክ ላይ ጥያቄ መፈልሰፍ ይጀምራል። እሱ የሚያደርገው የታሸገ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የቡና ፍሬ ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። እኩል የወጡት ቡድኖች ስንት ፍሬ እንዳለ ገምተው በወረቀት ይጽፋሉ። የቀረበ ያሸንፋል። ቡድኖቹ ተራ በተራ በቃል ከተናገሩ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በአንድ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ በወረቀት መሆኑ ግዴታ ነው። ፍሬውን ሁለት የኮሚቴ አባላት ለየብቻ ይቁጠሩት፤ ቁጥራቸው ከተለያየ እንደገና ይቁጠሩ። የተስማሙበትን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ፖስታ ውስጥ አሽገው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለዳኛው ይስጡ። ፖስታው ሰው ፊት ይከፈታል። የተጠራጠረ ካለም ፍሬው እዚያው ይቆጠራል።